አንድ ጠመንጃ፣ ከሚዳቋ እስከ ኢላንድ

አሽቀሎን፣ አቲቆት
ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2022

ለልጄ ልጅ ለሃጋር፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። አያትሽ አማረችም ደህና ናት። ባለፈው ሳምንት ኩፓት ሖሊም ሐኪም ዘንድ ሄዳ ስኳሯ ወርዶ ስለተገኘ ሰፈሩን ሁሉ ዞራ አውርታለች። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥራ አንድ ቀን ሆነ። የዘገየሁት ንቄሽ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ወረቀት አበላሽቻለሁ።

አንቺ ለአደን ፈተናዬ የትኛውን ጠመንጃ ልያዝ ስትዪ ቀላል ነገር የጠየቅሽ መስሎሻል። እዚህ አገር ከመጣሁ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ከዚያ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ፋብሪካ ውስጥ ከማሽን ፊት ቆሜ የፕላስቲክ ክዳን ሳነሣ አሳልፌአለሁ። ስለ ደም ግፊቴ ይጠይቁኛል፣ ስለ እንቅልፌ ይጠይቁኛል፤ ስለ ብረት ግን የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ወገራ ሳለሁ ከአባቴ ጋር ጠመንጃ ስጠግን እንዳደግሁ የልጅ ልጆቼ የሚያውቁ አይመስለኝም ነበር። ማን ነገረሽ? አማረች ናት፣ አይደል? እሷ አፏ አያርፍም።

በስልክ ለምን አናወራም ላልሽው፣ ጆሮዬን ገና በልጅነቴ የብረት ድምፅ ጨርሶታል። የጆሮ ማዳመጫ ማኽሺሩን ብሰካውም በስልክ የሚሰማኝ የንብ ጩኸት ነው። ስለዚህ እኔ እጽፋለሁ፣ አማረች በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች። አንቺም ከእናትሽ ጋር ከኔ ዘግይታችሁ ሳትመጡ ጎንደር እስከ አራተኛ ክፍል የተማርሽው ፊደል ስላለሽ ጽፈሽ እንደዚሁ ላኪ። ደግሞ ፊደሉን አተልቂው፤ እኔ እንደሆንኩ በመሠረተ ትምህርት ዘመን በኩራዝ የተማርኩ ሰው ነኝ።

አሁን ወደ ጉዳይሽ። የጻፍሽልኝን ቁጥሮች አላውቃቸውም፤ ዝም ብሎ የስልክ ቁጥር ነው የመሰለኝ። አባቴ ግን ጠመንጃ ልግዛ ብሎ ምክር የሚጠይቀውን ሰው አራት ነገር ሳይጠይቅ አይመልስለትም ነበር። ትንሹ አውሬህ ምን ያህላል? ትልቁስ? ከስንት እርምጃ ነው የምትተኩሰው? ጥይቱስ የት ይገኛል? የመጨረሻውን ሁሉም ይረሳዋል። ያማረ ጠመንጃ ገዝቶ፣ ጥይቱ ባገር ጠፍቶ፣ የበር መወርወሪያ ያደረገው ሰው አውቃለሁ። እነዚህን መልሺልኝና እኔም እመልስልሻለሁ።

ፈተናውን ካላለፍሽ ወደ ቤት እንደምትመለሺ ጽፈሻል። እናትሽማ አጋሚም ሰፈር ያለው ፎቅ ላይ ክፍልሽን እንደተወለወለ አስቀምጣልሻለች፤ ብትወድቂ ደስታዋ ነው። እኔ ግን እንድታልፊ ነው የምፈልገው። ይህን ለእናትሽ እንዳትነግሪብኝ።

እዚያስ ምን ትበያለሽ? በሕጋችን ያልታረደ ሥጋ እንዳትነኪ።

አያትሽ ጓንጉል


ናሚቢያ፣ ኦቺዋሮንጎ አጠገብ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2022

ውድ አባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እማማ አማረችስ? ፊደሌ የዶሮ ጭረት ስለሆነ ስሊኻ፣ ይቅርታ። ይህን ገጽ ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኛል፣ እጄም ዝሏል።

ስለ ሥጋው አይሥጉ፤ ባቄላ፣ እንቁላልና ሰርዲን ነው የምበላው። የእርሻው ባለቤት የሰባ ዘጠኝ ዓመት አሮጊት ናት፤ እዚህ ሁሉም ሰው ኡማ ይላታል፣ በቋንቋቸው አያት ማለት ነው። መጀመሪያ ስትቀጥረኝ ኩሽና ውስጥ ነበር። ሥጋዋን ሳልቀምስ አንድ ወር ሲሞላኝ «ካልበላሽው ቢያንስ ዱካውን ተከተዪ» ብላ ከዱካ አንባቢዎቹ ጋር ላከችኝ። ጻቫ፣ ጦሩ ውስጥ፣ ተኩስ አስተማሪ እንደነበርኩ ስታውቅ ደግሞ ጠመንጃ ሰጠችኝ። ከጓደኞቼ ጋር ለሦስት ወር ሽርሽር የመጣሁት ልጅ ይኸው ሁለት ዓመቴ። አገሩን ወድጄዋለሁ፣ ምን ልበልዎ።

ጥያቄዎችዎን ልመልስ። ትንሹ እንደኛ አገር ሚዳቋ ያለ ነው፤ አሥራ ሁለት ኪሎ ቢመዝን ነው። በመካከል ሳላ አለ፣ አጋዘን አለ። ትልቁ ኢላንድ የሚሉት ነው፤ በሬ ነው ይበሉት፣ ሰባት መቶ ኪሎ ይሆናል። ሜዳ ላይ እስከ ሁለት መቶ እርምጃ እንተኩሳለን፣ እሾሁ ውስጥ ግን አምሳ ስልሳ ነው።

የአዳኝ መሪነት ሚቭሓን፣ ፈተናው፣ ጁን ላይ ነው። እኛ የምንፈተንበት ደንብ አንድ ተፈታኝ አንድ ጠመንጃ ነው፤ በአንዷ ሁሉንም ማደን አለብኝ። ካለፍኩ ኡማ በቋሚነት ትቀጥረኛለች፣ የመኖሪያ ፈቃዴም ይታደሳል። ከወደቅሁ በጁላይ አሽቀሎን ነኝ።

ሦስት አማራጭ አለኝ። አንደኛዋ ቀጭን ፈጣን ጥይት የምትጎርስ ናት፤ እኔ የምወዳት እሷን ነው፣ ጻቫ ውስጥ የለመድኩት እንደሷ ያለውን ነው። ሁለተኛው ዝሆን የሚጥል ትልቅ ነው፣ ትከሻዬን ያጠቁረዋል። ሌሎቹ ሁለት ተፈታኞች እሱን ነው የያዙት። ሦስተኛዋ የኡማ አባት ንብረት የነበረች አሮጌ ጠመንጃ ናት፤ ስምንት በአምሳ ሰባት የሚል ተጽፎባታል። ጥይቷ እዚህ ከተማ ከዳቦ ጋር ይሸጣል ማለት ይቻላል፣ የጀርመኖቹ ቅድመ አያቶች ይዘውት የመጡት ካሊበር ነው። ከክብሪት ሣጥን ጎን አስቀምጬ ፎቶ አንሥቼልዎታለሁ። ያውቋታል?

ሃጋር


አሽቀሎን፣ አቲቆት
ማርች 1 ቀን 2022

ሃጋርዬ፣

አውቃታለሁ ወይ? አማረች ፎቶውን ስታሳየኝ ከወንበሬ ብድግ ብዬ ስለጮኽሁ ልቡን አመመው ብላ ውኃ ይዛ መጣች። ልጄ፣ የቤልጅግ ጥይት እኮ ናት! ጠመንጃውን የሠራው ሌላ ይሁን እንጂ ጥይቷ ያችው ናት። በወገራ ቤልጅግ ያለው ሰው ሰርግ ቤት ከፊት ነበር የሚቀመጠው። እኔ ልጅ ሆኜ የዚችን ጥይት ቀለሃ እየለቀምኩ ለእናቴ የመርፌ ማኖሪያ አደርግላት ነበር። ከስድሳ ዓመት በኋላ ናሚቢያ ከክብሪት ጎን ቆማ አየኋት፤ ዓይኔ ውኃ ሞላ፣ አልዋሽሽም።

እሷን ያዢ። ምክንያቱን ልንገርሽ። ያ ትልቁ ሚዳቋዋን ቢመታት የሚተርፍሽ ጆሮዋና ቀንዷ ነው። ያቺ ፈጣኗ ደግሞ እሾህ ስትነካ መንገዷን ትስታለች፤ ትልቁንም በሬ ብትመቺባት ይዟት ይሄዳል። ቤልጅግ ግን ከባድ ናት፣ አትቸኩልም። ስለማትቸኩል ትንሹን አታበላሸውም፣ ስለምትከብድ ትልቁ ውስጥ ትገባለች። ግፊያዋም ሴት ልጅ የማትችለው አይደለም። የሚያስፈራ ጠመንጃ የያዘ ሰው ሳያውቀው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚተኩስ፤ አንቺ ራስሽ ወታደር ስታስተምሪ ያየሽው ነው።

ሞአዶን፣ የሽማግሌዎች ክበብ፣ አጠገቤ የሚቀመጠው አስፋው «ሁሌም ትልቁ ነው የሚሻለው» ብሎ ተከራከረኝ። አስፋው ስለ አንበሳ የሚያወራ፣ ግን ጥንቸል እንኳ ገድሎ የማያውቅ ሰው ነው።

ሌላ፣ ሰደፏ ይረዝምብሻል። ላንቺ ትከሻ የተሠራች አይደለችም፣ ለጀርመን ናት። ክንድሽን እጠፊና ሰደፉን ከክርንሽ መታጠፊያ አግቢው፤ የጣትሽ አንጓ ምላጩ ላይ ካልደረሰ የተረፈውን ያህል ይቆረጥ። እንጨት ሠራተኛ ይቁረጠው እንጂ ራስሽ እንዳትነኪው።

በመጀመሪያው ደብዳቤሽ የት ልምታ ላልሽው ደግሞ መልሱ አጭር ነው። ከደረቱ ራቂ፣ ዳሌውን ምቺ። ዳሌው የተመታ አውሬ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል።

አያትሽ ጓንጉል


ናሚቢያ
ኤፕሪል 10 ቀን 2022

ውድ አባባ፣

እንኳን ለፋሲካ በሰላም አደረሳችሁ። ዝናቡ ቆሟል፣ ሣሩ ቢጫ ሆኗል። ኡማ ከዋና ከተማው ማጻ፣ የፋሲካውን ቂጣ፣ አስመጥታልኛለች፤ ቀምሳው «ይህ የወረቀት ሣጥን ነው» አለች።

ሰደፉ እንዳሉት በሁለት ጣት ልክ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ ጠመንጃዋ እጄ ላይ የበቀለች ነው የመሰለችኝ፤ ዒላማ ላይ አንድም አልሳትኩም። ኡማ ማን እንደመከረኝ ጠይቃ በእርስዎ ተደንቃለች። የጠመንጃዋንም ስም የፈተናው ዝርዝር ላይ አስገብቻለሁ፣ የምፈተነው በሷ ነው፤ ቢያንስ እስካሁን።

ከዋናው ፈተና በፊት ፈታኙ ባለበት የሚደረግ የሙከራ አደን ነበር። እሱም አለፈ። በዝርዝር የሚጻፍ ነገር የለውም።

ደግሞ እንዲያው ለመጠየቅ ያህል፣ ወገራ ሳሉ ሰዎቹ በቤልጅግ ሁልጊዜ ዳሌ ነበር የሚመቱት? እንዲያው ነው የጠየቅሁት።

እማማን ይሳሙልኝ።

ሃጋር


አሽቀሎን፣ አቲቆት
ኤፕሪል 24 ቀን 2022

ሃጋር፣

ደብዳቤሽ አጭር ነበር። በዓሉ ይለፍ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

አዎ፣ ሁልጊዜ ዳሌ ነው። ይህ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው? አባቴም ወንድሞቹም ሌላ ቦታ ሲመቱ አላየሁም። ካላመንሽኝ ለምን ጠየቅሽኝ?

«አለፈ» ያልሽው አልገባኝም። አልፈሽ ነው ወይስ ቀኑ አልፎ? «እስካሁን» ያልሽውም አልገባኝም። እኔ ሥራዬ ስንጥቅ መፈለግ ነበር። አፈሙዝ በጥፍሬ መትቼ ከድምፁ ስንጥቁን አውቅ ነበር፤ ደብዳቤሽም ድምፁ ልክ አይደለም። የሆነውን ጻፊልኝ። ክፉም ቢሆን ጻፊልኝ።

አያትሽ

እኔ አማረች ነኝ። ፎቶ ከማንሣቴ በፊት ከሥሩ እየጨመርኩ ነው፣ እሱ አላየም። ልጄ ምን ሆነሻል? ይህ ሰውዬ ሲከፋው ባቡር ጣቢያ ሄዶ አግዳሚው ላይ መቀመጥ ልማዱ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ደብዳቤሽን በኪሱ ይዞ ሄዷል። ባቡሩ ሲመጣም አይሰማው። ጻፊለት። ካዘንሽበትም እንዳዘንሽበት ጻፊለት፤ ዝምታሽ ነው የሚጎዳው።


ናሚቢያ
ኤፕሪል 27 ቀን 2022

አባባ፣

እሺ፣ እጽፋለሁ።

ያለፈው ቀኑ ነው። እኔ አላለፍኩም።

ሳላ ነበር። በሰማንያ እርምጃ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። መጽሐፉ «ዞሮ ጎኑን እስኪሰጥሽ ጠብቂ» ይላል። የእርስዎ ደብዳቤ ግን ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ስለ ሰደፉ ያሉትም ልክ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ስለዚህ መጽሐፉን ትቼ እርስዎን አመንኩ። ዳሌውን መታሁት። ወደቀ፤ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ተነሣና በሦስት እግሩ እሾሁ ውስጥ ገባ። እስኪመሽ ተከተልነው። በማግስቱ ቀትር ላይ ዱካ አንባቢው አገኘው። ቆሞ ነበር፣ አባባ፤ ሌሊቱን ሙሉ እንደዚያ ሆኖ አድሯል። ከቅርብ ሆኜ የጨረስኩት እኔ ነኝ። አይቶኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ኡማ አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ፈታኙ ጠመንጃዬን የሙዚየም ዕቃ አላት፣ ሌሎቹ ሁለቱ ሳቁ። አንድ ዕድል ተሰጥቶኛል፣ እሱም ዋናው ፈተና ነው። ሁሉም «ጥይቷ ስላነሰች ነው፣ ወደ ትልቁ ቀይሪ» ይሉኛል። ለመቀየር እስከ እሑድ ጊዜ አለኝ። በትልቁ ትናንት ሞከርኩ፤ እርስዎ እንዳሉት ዓይኔን እየጨፈንኩ ነው የምተኩሰው፣ ከአምስቱ ሁለቱን ሳትኩ።

ተቆጥቻለሁ፣ አባባ። በእርስዎም ላይ። እንዲህ መጻፍ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። እማማ ጻፊለት ስላለችኝ ነው። ልቀይር ወይስ አልቀይር? ዳሌ ያሉኝስ ለምንድን ነው?

ሃጋር


አሽቀሎን፣ አቲቆት
ኤፕሪል 28 ቀን 2022

ልጄ ሃጋር፣

ጥፋቱ የኔ ነው። ያንቺም አይደለም፣ የጥይቷም አይደለም፤ የኔ የጓንጉል ነው። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ግራ ገባኝ፣ በሦስተኛው ያደረግሁት ገብቶኝ እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ።

ስሚኝ። ወገራ ሳለን የኛ ሰው ጥይት የገደለውን አይበላም። አውሬው ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰሽበት፣ ማረድ የሚያውቅ ሰው በቢላ ካላረደው፣ ሥጋው ለጅብ ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ጎበዝ ተኳሽ ማለት የሚገድል ሳይሆን የሚያስቀምጥ ነው። ደረት የመታ ሰው ይሰደብ ነበር፣ ቤተሰቡ ጦሙን ያድራላ። ደግሞም በሃያ በሠላሳ እርምጃ ነው የምንመታው፣ ከዚያ አናርቅም። ተኳሹ ሳይተኩስ አራጁ ቢላውን መዝዞ ከጎኑ ይቆማል፣ ጠመንጃው ሲጮህ እሱ በሩጫ መንገድ ላይ ነው። አውሬው ወድቆ ለመነሣት ሲሞክር ሰውየው ላዩ ላይ ነው። የሚያድር አውሬ አልነበረም።

ይህን ለምን አልጻፍክልኝም ትይኝ ይሆናል። ምክንያቱም ለኔ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ዳቦ ከመብላትሽ በፊት እጅሽን ታጠቢ ብሎ የሚጽፍ ማን አለ? አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ መግደል ነበር፤ እኔ የመለስኩልሽ ስለ ማረድ ነው። ሥጋውን እንዳትነኪ ብዬ በራሴ እጅ ጽፌልሽ፣ መልሼ የሚበላ ሰው እንደሚመታ ምቺ አልኩሽ። ሽማግሌ ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ብዙ አላየሁም፤ ይኸው እኔ ጠየቅሁሽ። ይቅር በዪኝ። ስለ ሳላውም አዝኛለሁ።

አሁን ወደ ሥራ። አትቀይሪ። ጥይቷ ያዘዝሻትን ነው የፈጸመችው፣ ያሳሳተ ትእዛዙ ነው። የምትወድሽን ጠመንጃ ጥለሽ የምትፈሪያትን ብትይዢ ያኔ በእውነት ትወድቂያለሽ።

ከርከሮን የምንመታበትን ልንገርሽ። ከርከሮ አይበላም፤ እኛም ክርስቲያኖቹም አንበላውም። ማሽላ ስለሚያጠፋ ብቻ ነው የምንመታው፣ ስለዚህ ሯጭም ቢላም አያስፈልገውም። እሱን በዚችው በቤልጅግ ጎኑን እስኪሰጠን ጠብቀን፣ ከፊት እግሩ ኋላ፣ ከክርኑ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገን ነበር የምንመታው። አንዱም ከሃያ እርምጃ በላይ ሲሄድ አላየሁም። መጽሐፍሽ የሚለውም ይህንኑ ነው፣ መጽሐፍሽን እመኚ። ትንሹንም ትልቁንም፣ ሁሉንም እንደ ከርከሮ ምቺ።

ይህንን ደብዳቤ ለአሮጊቷ ተርጉመሽ አንብቢላት፣ አንድ መስመር እንዳታስቀሪ። ያዋረደሽ አያትሽ መሆኑን ትወቅ።

ጓንጉል


ናሚቢያ
ጁን 12 ቀን 2022

አባባ! እማማ!

አለፍኩ! ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። አንደኛ ሆኜ ነው ያለፍኩት!

ለስድስት ሳምንት በአጭር በአጭሩ ስለጻፍኩላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ተስፋ ሰጥቼ እንዳላሳፍራችሁ ብዬ ነው። አሁን ግን የጻፍኩትን ያህል ብጽፍ አይበቃኝም።

መጀመሪያ ስለ ደብዳቤዎ። ለኡማ ቀስ እያልኩ ተረጎምኩላት። ማሽላው ጋ ስደርስ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሳል ያዛት። ከዚያ ውኃ ጠጣች። ቆይታ «ስድሳ ዓመት አድኛለሁ፣ ጥፋቱን እንዲህ አድርጎ የጻፈ ወንድ አላየሁም» አለችኝ። ተነሥታ ጠመንጃዋን ከግድግዳ አውርዳ ሰጠችኝ። አልቀየርኩም።

ፈተናው ሦስት ቀን ነበር። የመጀመሪያው ቀን ትንሿ ነበረች፣ በመቶ ሰባ እርምጃ። ዝሆን ጣዩን ከያዙት ተፈታኞች አንደኛው ከኔ በፊት ስቶ ነበር። እኔ ጎኗን እስክትሰጠኝ ጠበቅሁ፤ በአንድ ጥይት። ፈታኙ ሥጋውን አገላብጦ አይቶ የጠፋው ከመዳፉ አይበልጥም አለ። በሁለተኛው ቀን አጋዘን፣ አንድ ጥይት፣ አሥራ አራት እርምጃ ሄዶ ወደቀ። ቆጥሬአለሁ።

ሦስተኛው ቀን ኢላንዱ ነበር። እሾህ ውስጥ ነው፣ አምሳ አምስት እርምጃ፣ ልክ እንደዚያ እንደ ሳላው ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ፈታኙ ከኋላዬ ነው፣ ምን እንደማደርግ ሊያይ። ጠበቅሁት። ዝንብ ዓይኔ ላይ አርፋ አላባረርኳትም። ሃያ ሁለት ደቂቃ ነበር ብሎኛል በኋላ፣ ሰዓቱን ይዞ። ከዚያ በሬው አንድ ቅጠል ሊበላ ዞረ። እንደ ከርከሮ መታሁት። ጉልበቱ ታጠፈና እዚያው ወደቀ፤ አልተነሣም፣ አባባ፣ አላደረም፣ አልተሰቃየም። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በእግሬ ተሰማኝ። ኢላንዱ ጎን ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ፈታኙ ፊቱን አዙሮ ጠበቀኝ።

ማታ ላይ ሁላችንንም «ይህን ካሊበር ለምን መረጣችሁ?» ብሎ ጠየቀን። አንደኛው ስለ ክብደት፣ ሌላው ስለ ኃይል ቁጥር ደረደረ። ተራዬ ሲደርስ «ትንሹን አታበላሽም፣ ለትልቁ አታንስም፣ ጥይቷ በየሱቁ አለ፣ እኔም አልፈራትም» አልኩት።

«ይህን ያስተማረሽ ማን ነው?» አለኝ።

«አያቴ ናቸው፣ ጠመንጃ ጠጋኝ ናቸው» አልኩት።

እርሳሱን አስቀምጦ ስምዎን ድገሚልኝ አለ። ጓንጉል ብሎ ለመጥራት አራት ጊዜ ሞከረ።

ሪሽዮኑን፣ የአዳኝነት ፈቃዱን፣ ፎቶ አንሥቼ ልኬአለሁ፣ ስሜ ከላይ ነው ያለው። ሥራውን አግኝቻለሁ፣ የመኖሪያ ፈቃዴም ታድሷል። ለእማዬ እኔው ደውዬ ነገርኳት፤ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ለጎረቤት ሁሉ ነገረች።

ሁለተኛው ገጽ የኡማ ነው። እሷ ስትናገር ጻፍኩት እንጂ አንድ ቃል የኔ የለበትም። ቶሎ መልሱልኝ፣ በየጠዋቱ «ጻፉ?» እያለች ታሰቃየኛለች።

ሃጋር


አሽቀሎን፣ አቲቆት
ጁን 14 ቀን 2022

ለልጄ ልጅ ለሃጋር፣ ለአዳኟ፣

እልልታው እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው፤ እሱን መቼም ሰማሁት። አማረች ሪሽዮኑን በስልኳ አይታ ደረጃው ላይ ቆማ እልል ስትል ከላይኛው ፎቅ ሁሉ ወጡ፣ ሳይረን የተነፋ መስሏቸው።

ደብዳቤሽን ሞአዶን ወስጄ ከአንደኛው መስመር እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የሳላውንም ነገር፣ የኔንም ጥፋት ሳልደብቅ መጀመሪያ ተናገርኩ። ኢላንዱ ሲወድቅ ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ። አስፋው «ሃያ ሁለት ደቂቃ ያለውን ድገመው» አለኝ። ደገምኩለት። ሞአዶኑን የምትመራው ሊአት፣ እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት፣ ምሳዋ እስኪቀዘቅዝ ሳትበላ ቆማ ሰማችኝ። ከዚያ «አባ ጓንጉል፣ ብረት እንዴት ነው የሚጋለው?» ብላ በዕብራይስጥ ጠየቀችኝ። ሌላው ጠየቀ፣ ሌላው ጠየቀ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ስለ ብረት ተናገርኩ፣ ልጄ። ድምፄ ጠፍቶ ነው ቤት የገባሁት። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን ለኡማ ንገሪልኝ። ሣጥን ውስጥ አሉ ያለቻቸውን ዘጠኝ አሮጌ ጠመንጃዎች አንድ በአንድ ከነሕመማቸው አነበብኳቸው። ምላጯ የከበደባት መፍቻ እንጂ ሌላ አትፈልግም። ሰደፏ የተሰነጠቀችው ትድናለች። አፈሙዟ የዛገባትን ግን ሳላያት ቃል አልገባም። ጠጋኛቸው ከሞተ ወዲህ የሚነካቸው እንደጠፋ ነግራኛለች፤ እኔም ከሞተው ሰውዬ ብዙ አልሻልም፣ ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ ይህንን ትወቀው። መሰላል አልወጣም። ስትናገረኝም ጮክ ብላ ትናገር፣ አንቺ ትተረጉሚልኛለሽ። እጁ ይሠራል ወይ ብላ ለጠየቀችው ግን፣ ዛሬ ጠዋት የአማረችን የልብስ ስፌት መኪና ፈትቼ ገጥሜአታለሁ፣ አንድ ብሎን አልተረፈኝም በያት።

ስለዚህ ናሚቢያ መጥተህ ጠግንልኝ ላለችው መልሱ እሺ ነው። አውሮፕላን የተሳፈርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያኔ መቀመጫ እንኳ አልነበረውም፤ አሁን በመስኮት በኩል አስቀምጡኝ። ትኬቱ የሁለት ሰው ይሁን። አማረች አልሄድም ብላ ትቀራለች ብዬ ነበር፤ ይህን ስጽፍ ሻንጣ ከቁም ሣጥን ላይ እያወረደች ነው።

ባይተዋርነት አይሰማሽ፣ እየመጣን ነው። ሰላምታዬን ለቤቱ ሁሉ አድርሺ።

ጓንጉል፣ ጠመንጃ ጠጋኝ